«እኔ ማን ነኝ?» ለሚል ተመካሪ፦ ሰውን ማዕከል ያደረገ ምክር በጎጃም እንዴት ይሰጣል?

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ፣ በዳንግላና በየወረዳው ትንንሽ ከተሞች፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ ወይም በዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ለሚሰጡ ሰዎች ነው። ብዙዎቻችን ሰውን ማዕከል ያደረገ ምክርን የመሠረተውን የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ሊቅ የካርል ሮጀርስን ስም በሥልጠና ላይ ሰምተናል፤ ጥሩ አማካሪ ሊኖሩት ይገባሉ ያላቸውን ባሕርያትም ለፈተና ሸምድደናል። ጭንቁ የሚመጣው ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው «እንግዲህ ምከሩኝ» ብሎ ዝም ሲል ነው። በእኛ ዘንድ ምክር ዕድሜና ልምድ ያለው ለሌለው የሚሰጠው ቃል ነውና፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት መካሪው እንደሚያውቅ፣ ተመካሪው ደግሞ እንደማያውቅ አስቀድሞ ፈርዷል። የሮጀርስ ሰብአዊ ፍልስፍና ግን ስለ ሰውየው ሕይወት ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ሰውየው ነው ብሎ ይነሣል።

ይህ አቀራረብ በጎጃም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ የማይሠራው «ራስን መሆን» የሚለውን ቃል ከቤተሰብ መቆረጥ ብለን የተረጎምነው እንደ ሆነ ነው። ወደ ቢሯችን የሚገባ ሰው አባቱን፣ እናቱን፣ ጎረቤቱንና የንስሐ አባቱን በልቡ ይዞ ይገባል። ሥራችን እነዚህን ማባረር ሳይሆን፣ ከድምፆቹ መካከል የትኛውን የራሱ አድርጎ እንደሚይዝ እንዲለይ ጊዜና ቦታ መስጠት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ርምጃዎች ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ሐሳቡን በትክክል መያዝ

ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦክ ፓርክ በተባለች ከተማ፣ ሃይማኖቱን አጥብቆ ከሚይዝ ቤተሰብ ተወለደ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ እርሻ ቦታ ስለ ተዛወረ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባውም መጀመሪያ ግብርና ሊማር ነበር። ከዚያ ወደ ሥነ መለኮት፣ ከሥነ መለኮት ደግሞ ወደ ሳይኮሎጂ ዞረ። ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲያስረዳ ይጠቅሰው የነበረው ምሳሌም ከልጅነት ቤቱ የተወሰደ ነው። ለክረምት ቀለብ በምድር ቤት የተከማቸው ድንች፣ ከፍ ብላ ከምትታይ ትንሽ መስኮት ወደምትገባው ብርሃን የገረጣ ቀጭን ቡቃያ ይሰድ ነበር። በሰከላ ወይም በጮቄ ደጋ ድንች የሚያከማች ገበሬ ይህን ቡቃያ አሳምሮ ያውቀዋል። ሮጀርስ ሊል የፈለገው፣ ሕይወት በማይመች ቦታ እንኳ ወደ ማደግ ታዘነብላለች፤ ጠማማ የሚመስለው ጠባይም ብዙ ጊዜ ባለው ብርሃን ለማደግ የተደረገ ጥረት ነው፣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ «እኔነት» ያለው ትምህርት ነው። ሰው በየዕለቱ የሚያልፍበትና የሚሰማው ነገር አለ፤ ስለ ራሱ የያዘው ሥዕል አለ፤ ሊሆን የሚመኘው ሌላ ሥዕል ደግሞ አለ። ሦስቱ በጣም ሲራራቁ ጭንቀት ይነግሣል። የሚያራርቃቸውም አብዛኛውን ጊዜ ለመወደድ የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ ነው። ልጅ «ካላለቀስክ፣ ከታዘዝክ፣ አንደኛ ከወጣህ የእኛ ልጅ ነህ» የሚለውን ማንም በቃል ሳይነግረው ይማራል፤ ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱን፣ ቁጣውንና ድካሙን ከራሱ ሥዕል ውስጥ ያወጣቸዋል። በእኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ትልቁ ኃይል ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን እንደ በሽታ የሚያይ አማካሪ ግን ስቷል፤ ለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ የሚያደርሰው፣ የታመመ ጎረቤት እህል እንዳይበላሽ በደቦ የሚያጭደውም ይኸው ይሉኝታ ነው። የሚጎዳው ሰውየው ሌላ መመዘኛ ሲያጣ ነው።

አንደኛ ርምጃ፦ ቦታውንና ውሉን ማስተካከል

በትንሽ ከተማ የምክር ቢሮ በር ላይ የታየ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ በሩ የምክር አገልግሎት ብቻ የሚሰጥበት ተብሎ የታወቀ ባይሆን ይመረጣል፤ የቤተ መጻሕፍት ጥግ ወይም የመምህራን ክፍል ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይሻላል። ወንበሮቹን ፊት ለፊት አይግጠሟቸው፤ ትንሽ ጎን ለጎን ሲሆኑ ዐይን የከበደው ሰው መሬት እያየም ሆነ በመስኮት እያየ መናገር ይችላል። ጠረጴዛ በመካከል ካለ ይውጣ።

ውሉን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይናገሩ፦ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ የተነገረው እንደማይወጣ፣ ነገር ግን የራሱን ወይም የሌላን ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከተሰማ ዝም ማለት እንደማይቻል። በተጨማሪም «መንገድ ላይ ወይም ቡና ላይ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ስለዚህ ጉዳይ አላነሣም» ማለትን አይርሱ። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ከረጅም የምስጢር ጥበቃ ማብራሪያ ይልቅ ሰውን ያሳርፋል።

ሁለተኛ ርምጃ፦ አጠራርና የመጀመሪያ ጥያቄ

በዕድሜ የሚበልጥዎትን ሰው «አንተ» ብሎ እኩልነትን ለማሳየት መሞከር ከፈረንጅ መጽሐፍ የተቀዳ ስሕተት ነው። «እርስዎ» ብለው ይጀምሩ፤ እርሳቸው «ልጄ» ቢሉዎትም ደስ ብሎዎት ይቀበሉ። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ሰው እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 6 ሁኔታዎች የመጀመሪያው ሁለቱ ሰዎች በእርግጥ መገናኘታቸው ነው፤ ክብሩ የተነካ ሽማግሌ ደግሞ አጠገብዎ ቢቀመጥም አልተገናኘዎትም። ተመካሪው ከራሱ ጋር መጋጨቱና መጨነቁ፣ አማካሪው ሐሰት የሌለበት መሆኑ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበሉ፣ የሰውየውን ዓለም ከውስጥ መረዳቱ፣ እንዲሁም ይህ መቀበልና መረዳት በጥቂቱም ቢሆን ለተመካሪው መታወቁ የተቀሩት አምስቱ ናቸው።

ለመነሻ «ችግርህ ምንድን ነው?» ከማለት «እስቲ ያመጣዎትን ነገር ከፈለጉበት ቦታ ይጀምሩልኝ» ማለት ይበቃል። የቤተሰብ ሁኔታ፣ የክፍል ደረጃ፣ የቀበሌ መረጃ መሙላት ካለ በመጨረሻ ይደረግ።

ሦስተኛ ርምጃ፦ መስማትና የሰሙትን መመለስ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስደውና ብዙ የሚለማመዱት ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከመቶ 3 ነጥብ 2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት አማካሪዎች የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የዚህን ልክ ይዟል። የሚከተለው ለማሳያ የቀመርኩት ንግግር ነው። ተማሪዋ ከገጠር መጥታ በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤቷ እየተላከላት የተማረች የ19 ዓመት ልጅ ናት።

— ቲቸር፣ ሰው ይሄን ያህል ዓመት ተምሮ ሲወድቅ ምን ይባላል? ቤተሰብም ያፍራል።

— ቤት ስትገቢ ፊታቸውን ማየት ከብዶሻል።

— አባቴ ምንም አላለኝም። ከብት ላስገባ ብሎ ወጣ። እራት ላይም ቀና ብሎ አላየኝም።

— ቢቆጣሽ ይሻልሽ ነበር።

— አዎ፣ ቢቆጣኝ! (ረጅም ዝምታ) የቤት ኪራዩን የከፈለልኝ አንዱን በሬ ሸጦ ነው። እኔ እኮ በሬ በላሁ።

— አባትሽን እዳ ውስጥ የከተትሽ፣ የማትመልሺ ልጅ አድርገሽ ነው ራስሽን የምታዪው።

— እንደዚያ ነኝ። (ታለቅሳለች)

አማካሪዋ ያላደረገችውን ልብ ይበሉ። «አይዞሽ፣ ሕይወት በፈተና አያበቃም» አላለችም፤ እንዲህ ብትል ኖሮ ልጅቱ «እሺ ቲቸር» ብላ፣ በሬውን በሆዷ ይዛ ትወጣ ነበር። ከመቶ 97ቱ እንደ አንቺ ናቸው ብላ ቁጥርም አልጠቀሰችም፤ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ጊዜው ግን ገና ነው። የአማካሪዋ ዐረፍተ ነገሮች አጭር ናቸው፣ በጥያቄ አይደመደሙም፣ ከተባለው አንዲት ርምጃ ብቻ ይቀድማሉ። በጣም የቀደሙ እንደሆነ ልጅቱ ትክዳለች፤ ቃል በቃል ብቻ የደገሙ እንደሆነ ደግሞ የተሾፈባት ይመስላታል። ዝምታው ሲመጣም መታገሥ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ከታላቅ ሰው ፊት ዝም ማለት አክብሮትም ነውና፣ የዝምታውን ዐይነት ከፊቷና ከእጇ ማንበብ ይገባል።

ሌላም ነገር ይታያል። ልጅቱ የጀመረችው «ሰው ሲወድቅ ምን ይባላል» ብላ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን «እኔ በሬ በላሁ» አለች። ሮጀርስ የምክርን ሂደት በ7 ደረጃዎች ሲከፍል፣ በታችኞቹ ደረጃዎች ሰው ስለ ራሱ ስሜት እንደ ሩቅ ነገር ወይም እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ያወራል፤ ከፍ እያለ ሲሄድ የራሱ አድርጎ፣ አሁን እየተሰማው ይናገራል ብሏል። በአማርኛ ይህን ለውጥ መከታተል ቀላል ነው። «ሰው» ወደ «እኔ» የዞረበትን ቦታ በማስታወሻዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ተመካሪው ወደ «ሰው» ከተመለሰ ደግሞ ያስደነገጠው ነገር አለ ማለት ነውና አይጎትቱት።

አራተኛ ርምጃ፦ የራስን ሥዕል በእጅ ማስያዝ

ስለ «እኔነት» በባዶ መነጋገር ለብዙ ሰው ይከብዳል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሮጀርስ ባልደረቦች በትለርና ሄይ፣ ዊልያም ስቲቨንሰን የፈጠረውን የካርድ ድርደራ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1954 ውጤቱን አሳትመዋል። ስለ ራስ የተጻፉ 100 ዐረፍተ ነገሮችን ተመካሪዎቹ መጀመሪያ «አሁን እንዳለሁት»፣ ቀጥሎ «ልሆን እንደምፈልገው» አድርገው ይደረድራሉ። ምክር ከመጀመራቸው በፊት በሁለቱ ድርድሮች መካከል የነበረው ዝምድና (ፍጹም ሲመሳሰሉ 1 ይሆናል) ከዜሮ እምብዛም ያልራቀ ሲሆን፣ ምክሩን ሲጨርሱ በአማካይ ወደ 0.34 ከፍ ብሏል።

ለእኛ 20 ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ዐረፍተ ነገሮቹን በአካባቢው አነጋገር ይጻፏቸው፦ «የያዝኩትን ሥራ የምጨርስ ነኝ»፣ «ሰው ሲያየኝ የምደነግጥ ነኝ»፣ «ቤተሰቤን የማኮራ ነኝ»፣ «ቁጣዬን በሆዴ የምይዝ ነኝ»፣ «ቃሌን የማላጥፍ ነኝ»፣ «ለሰው ሸክም ነኝ»። ጥሩና መጥፎ የሚመስሉት በቁጥር ይመጣጠኑ። ተመካሪው «በጣም እኔን ነው»፣ «መካከለኛ»፣ «እኔን አይደለም» በሚሉ ሦስት ክምር ይለያቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ አንድ በአንድ ያንብቡላቸውና ወረቀቶቹን በሦስት ሳህን ላይ ራሳቸው ያስቀምጡ። የድርደራውን ውጤት ይመዝግቡና ወረቀቶቹን ሰብስበው «መሆን እንደምትፈልጊው» በማለት እንደገና ያስደርድሯት።

እዚህ ላይ ከቺካጎዎቹ የተለየ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ሦስተኛ ድርደራ፦ «አባትሽ እንድትሆኚ እንደሚፈልጉት»። የአባትን ቦታ እናት፣ ባል፣ ወይም የንስሐ አባት ሊይዘው ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ልዩነት ከሌለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ የቤተሰቡን ምኞት በእርግጥ የራሷ አድርጋዋለች፣ ወይ የራሷን ምኞት ገና ጠይቃ አታውቅም። የትኛው እንደሆነ አማካሪው አይፈርድም። «ሁለቱ አንድ ዐይነት ሆነው መጡ፤ ይህን ስታዪ ምን ትያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ወረቀቱን በምታስቀምጥበት ጊዜ እጇ የት ላይ እንደዘገየ መመልከት ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ «ለሰው ሸክም ነኝ» የሚለውን ይዛ ሁለት ሳህን ላይ የተንገዋለለች ልጅ ስለምን እንደምናወራ ራሷ አሳይታናለች።

አምስተኛ ርምጃ፦ የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት

ካርዶቹ ካሳዩት መካከል በጣም የሚከብደውን አንዱን ብቻ ይውሰዱ። ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ፤ በአንድ ቀን ግን አይጨረሱም። ይህን ቃል መጀመሪያ ከማን አፍ ሰማሽው? ማንም ባያይሽ፣ ማንም ባይሰማ ይህን ቃል ስለ ራስሽ ትይዋለሽ? ቃሉን እንዳለ ትይዥዋለሽ፣ ትጥይዋለሽ ወይስ አሻሽለሽ ትይዥዋለሽ? ሦስተኛው ጥያቄ ሦስት መልስ እንዲኖረው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ መያዝና መጣል ብቻ ከቀረበ ልጅቱ በአባቷና በራሷ መካከል እንድትመርጥ የተገደደች ይመስላታል። የበሬው ልጅ «ለአባቴ ውለታ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ግን በማትሪክ ብቻ አይደለም የሚመለሰው» ብላ ብትወጣ፣ የቤተሰብ ፍቅሯንም እኔነቷንም ይዛ ወጥታለች።

ፈላስፋው ማርቲን ቡበር እ.ኤ.አ. በ1957 ሚሺጋን ውስጥ ከሮጀርስ ጋር ፊት ለፊት ተወያይቶ ነበር። ቡበር ለተናጠል ግለሰብ ያለው ግምት ዝቅ ያለ ነበር፤ ከሌላው ጋር ባለው ግንኙነት ሰው የሆነውን ሰው ይመርጥ ነበር። አማካሪና ተመካሪ በእርግጥ እኩል ናቸው የሚለውንም አልተቀበለም። እኔ በዚህ ክርክር ከቡበር ጋር ነኝ፤ በማኅበርና በዕድር ለኖረ ሰው «እኔ» ከ«እኛ» ውጭ ብቻውን የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነው።

መቀበል ማለት መስማማት እንዳልሆነም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የአባቱ ደም አልተመለሰም ተብሎ «አንተ ደግሞ ወንድ ነህ?» የሚባል ጎልማሳ ሊመጣ ይችላል። ኀፍረቱን፣ ንዴቱን፣ ገዳዩን በገበያ ባየ ቁጥር የሚሰማውን የሆድ መቃጠል ሁሉ ያለ ወቀሳ መስማት ይገባል፤ ወቀሳ ከሰማ ተነሥቶ ይሄዳል፣ የሚሄደውም ለበቀል ወደሚገፋፉት ሰዎች ነው። የመግደል ሐሳቡን ግን በማስመሰል አይቀበሉም። «ያዋረዱህ ያህል እንደሚሰማህ ይገባኛል፤ ይህን ማድረግህን ግን ዝም ብዬ አላይም» ማለት ከመቀበል ጋር አይጋጭም። ወንድነትን በሌላ መንገድ የሚያይ ዘመድ ካለው፣ ደም የሚያደርቁ የታወቁ ሽማግሌዎችም በአካባቢው ካሉ፣ የእነርሱን መንገድ እንዲያስብበት ማንሣት ይቻላል። አደጋው ቅርብ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የተነገረው ውል ይሠራል።

ስድስተኛ ርምጃ፦ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ሲባል

ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መጽሐፉን ብቻ የተከተለ አማካሪ «አንተስ ምን ታስባለህ?» እያለ ሲመልስ፣ ተመካሪው ንፉግ ሰው እንደገጠመው ይቆጥራል። መረጃንና ውሳኔን መለየት መውጫው ነው። ግማሽ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች ስለ ሬሚዲያል ትምህርት፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ምዝገባ፣ ስለ ድጋሚ ፈተና የሚያውቁትን ሁሉ ሳይሰስቱ ይንገሩ። ውሳኔውን ግን «እኔ በአባትህ ቤት አላደግሁም፤ የእኔ መልስ ለእኔ ኑሮ የተሰፋ ነው» ብለው ከምክንያቱ ጋር ይመልሱለት። የደከምዎት ወይም ያልገባዎት ቀን ካለም «ይህ አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ሐሰት የሌለበት መሆን የሚባለው ነገር ነው።

ሰባተኛ ርምጃ፦ ቤተሰብንና የንስሐ አባትን ማስገባት

ያለ ተመካሪው ፈቃድ ማንም አይጠራም። ፈቃድ ሲገኝ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር አስቀድማችሁ በቃል ተስማሙ፤ አባት በመጡበት ቀንም ተናጋሪዋ ልጅቱ ትሁን፣ አማካሪው የሰማውን ለሁለቱም ይመልስ። አባት «እኔ እኮ የተከፋሁት በሷ አይደለም፣ እንዴት እንደማጽናናት ጠፍቶኝ ነው» የሚሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የንስሐ አባት ለብዙ ቤተሰብ የቅርብ ሰሚ ስለሆኑ እንደ ተፎካካሪ አይታዩ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው በሐኪም የታዘዘለትንም መድኃኒት እየወሰደ ሊጠመቅ ይችላልና፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከንስሐ አባቱ አንደበት መስማቱ ይጠቅመዋል።

ይህ መንገድ የማይበቃባቸው ሁኔታዎች

ሮጀርስ ስድስቱ ሁኔታዎች አስፈላጊም በቂም ናቸው ብሎ ነበር። አስፈላጊ በመሆናቸው እስማማለሁ፤ በቂ ናቸው የሚለው ግን አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል፣ እኔም አልቀበለውም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለብዙ ቀን ያልተኛና ያልበላ፣ ባየው ወይም በደረሰበት ግፍ ምክንያት ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ ሰው የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መላክ አለበት፤ ምክሩ ከሕክምናው ጎን ሊቀጥል ይችላል።

ራስን ስለ ማጥፋት ከተጠራጠሩ በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ሕይወትሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀላል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻዋን ወደ ቤት አትላክ። የምታምነው ሰው ይጠራ፤ ለእህልና ለሰብል ተብሎ በቤት የተቀመጠው የተባይ መድኃኒት በዚያው ቀን ከቤት እንዲወጣ ወይም በሌላ ሰው እጅ እንዲቆለፍ ይደረግ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

ማጠናቀቅ

የመጨረሻው ቀን ከመድረሱ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስቀድመው ይንገሩ። ካርዶቹን እንደገና ያስደርድሩና ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ። የምኞት ሥዕሉ ዝቅ ብሎ፣ የአሁኑ ሥዕል ከፍ ብሎ መሃል ላይ መገናኘታቸው የተለመደ ነው፤ ሁሉንም ጥሩ ካርድ «እኔን ነው» ላይ የከመረ ተመካሪ ግን ብዙ ጊዜ እርስዎን ለማስደሰት የደረደረ ነውና በደስታ አይቸኩሉ። መዝገቡ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፤ ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያያይዘው ወረቀት በሌላ መሳቢያ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ከርእሰ መምህሩ ቁልፎች ጋር በአንድ ማንጠልጠያ አይሰቀል።